ለሳሎን ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ወይስ አብሮት የመጣው ይበቃል?

ባለሶፋው፦
ሰላም ጓዶች። ከቢሮ የወጣ ቀጭን ኮምፒውተር አግኝቼ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሰክቼዋለሁ። ኢንቴል ኮር አይ5 ነው፣ 4ኛ ትውልድ። ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣው ብቻ ነው ያለው። ሥራው አንድ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ያሉኝን ፊልሞች ማሳየት። ጌም አልጫወትም።

ተራውን ፉል ኤችዲ ፊልም ያለ ምንም ችግር ያጫውተዋል። 4ኬ ስከፍትበት ግን ጉድ ይፈላል። ምስሉ ስታክ ያደርጋል፣ ድምፁ ጥሎት ይሄዳል፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ላይ ነው። የፋይሉን ዝርዝር ሳየው «ኤችኢቪሲ፣ 10 ቢት» ይላል። ካርድ ልግዛለት? ወይስ ማሽኑን በአዲስ ልቀይረውና ያለ ካርድ ልጠቀም?

ካቻቪቴ፦
ወንድሜ፣ የማሽንህ ችግር ጉልበት አይደለም። ቪዲዮ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፣ ሲታይ ደግሞ መፈታት አለበት። ግራፊክሱ ውስጥ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ፣ ዲኮደር ይባላል። ዲኮደሩ ፋይሉን ካወቀው ፕሮሰሰሩ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ካላወቀው ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ያንተ ግራፊክስ የ2013 ነው። ኤች.264 የሚባለውን የቆየ የመጭመቂያ ዘዴ ይፈታል፣ ከሱ በኋላ የመጣውን ኤችኢቪሲን ግን፣ ያውም የቀለም ዝርዝሩ የበዛውን 10 ቢቱን፣ አያውቀውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «የትኛውን ኮዴክ (የመጭመቂያ ዘዴ) ይፈታል?» ብለህ ነው። ካርድ ነው አይደለም የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኢንቴል ላይ 10 ቢት ኤችኢቪሲ ሙሉ ለሙሉ በሃርድዌር መፈታት የጀመረው በ7ኛው ትውልድ ነው። ኤቪ1 የሚባለውን አዲሱን ኮዴክ ከፈለግክ 11ኛው ትውልድ ድረስ ትሄዳለህ። ለማረጋገጥ ፊልሙ እየሄደ ታስክ ማናጀር ክፈትና የግራፊክሱን «ቪዲዮ ዲኮድ» እይ። መስመሩ ዜሮ ላይ ከተኛ፣ የሚለፋው ፕሮሰሰሩ ነው።

ትልቁ ኬዝ፦
ምን ያስጨንቅሃል፣ ካርድ ገዝተህ ተገላገል። ጂቲ 710 ርካሽ ነው፣ ቀጭን ኬዝ ውስጥም ይገባል።

ካቻቪቴ፦
ኧረ በስመ አብ! ጂቲ 710 እኮ ኤችኢቪሲ አይፈታም። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወጣበት ኤችዲኤምአይም አሮጌው 1.4 ነው። ገንዘቡን አውጥቶ ተመልሶ እዚሁ ሊጠይቀን ነው? ካርድ ሁሉ አንድ አይደለም። የኤኤምዲ አርኤክስ 6000 ካርዶች ኤቪ1 ይፈታሉ ይባላል፣ እውነት ነው። ትንንሾቹ 6400 እና 6500 ኤክስቲ ግን አይፈቱም። ለሳሎን የሚፈለጉት ደግሞ ትንንሾቹ ናቸው።

ትልቁ ኬዝ፦
እሺ፣ 710ን ተዉት፣ ሳላጣራ ነው የጻፍኩት። ግን ካርድ ጥቅም የለውም እንዳትሉ። እኔ ፕሮጀክተር ላይ ማድቪአር የሚባል የምስል ማሻሻያ ሶፍትዌር ነው የምጠቀመው። የድሮ ፊልም ወደ 4ኬ ሲያሳድግ፣ ኤችዲአሩን (የብርሃንና የጨለማውን ስፋት) ሲያስተካክል አሪፍ ነው። ከባዱን ሴቲንግ ስትከፍትበት ግን አብሮ የተሠራው ግራፊክስ እጁን ይሰጣል።

ጸጥታ ወዳድ፦
እሱ ላንተ ነው እንጂ ለጠያቂው አይደለም። እኔ አንዴ ሞኝቼ የጌም ካርድ ሳሎን አስገብቼ ነበር። ፊልሙ ላይ ሰዎቹ በሹክሹክታ ሲያወሩ የሚሰማው የኔ ፋን ነው። ባለቤቴ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ አሰለቸኝ። በሁለተኛው ሳምንት ነቀልኩት። አሁን በ10ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ ካርድ ሳልጨምር ነው የማየው፣ ሰላም ነው።

አዲስ የምትገዛ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ስም መጨረሻ ተመልከት። ኢንቴል ላይ «ኤፍ» ካለበት ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። የዴስክቶፕ ራይዘን 5000 ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ግራፊክስ ያለው «ጂ» የሚል ያለበት ነው።

ጋሽ ሽቦ፦
ልጆች፣ የቴሌቪዥኑ ገመድ ስለሚሰካበት የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ማንም አላነሳም። ኤችዲኤምአይ 1.4 ላይ 4ኬ በሰከንድ ከ30 ምስል አያልፍም። 60 የምትፈልግ 2.0 ያስፈልግሃል። እኔ 7ኛ ትውልድ ገዝቼ፣ ደስ ብሎኝ ስሰካው ማውሱ ራሱ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ፕሮሰሰሩ አዲስ፣ የማዘርቦርዱ ቀዳዳ አሮጌ! ደግነቱ ዲስፕሌይፖርት ነበረው። ሲግናሉን ራሱ በሚለውጥ አክቲቭ አዳፕተር ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 ቀይሬ ዳንኩ። አክቲቭ ነው ያልኩት፣ በተራው አዳፕተር 60 አይገኝም።

ደግሞ የፊልም ማጫወቻህን የቴሌቪዥኑን ሪፍሬሽ ሬት (በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚያድስ) ከፊልሙ ጋር እንዲቀያይር አድርገው። አብዛኛው ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ 60 ደግሞ ለ24 እኩል አይካፈልም። ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። ይህን ለማስተካከል ካርድ አያስፈልግም።

ባለሶፋው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታስክ ማናጀሩን አየሁት፣ ዜሮ ላይ ነው የተኛው። ማሽኑን መቀየር ለጊዜው አልችልም። ኬዙ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ፓወር ሰፕላዩም ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድ የለውም። ምን ይገባል?

ካቻቪቴ፦
ጂቲ 1030። 30 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፣ እሱንም ከማዘርቦርዱ ስለሚወስድ ገመድ አይፈልግም። በግማሽ ቁመት ይገኛል። 10 ቢት ኤችኢቪሲ ይፈታል፣ ኤችዲኤምአዩ 2.0 ነው። ስትገዛ ሜሞሪው ጂዲዲአር5 የሚለውን ምረጥ። ዲዲአር4 የሚል በዚያው ስም የሚሸጥ አለ፣ በጣም ቀርፋፋ ነው።

ኤቪ1 አይፈታም፣ እወቀው። ዩቲዩብን በቴሌቪዥኑ አፕ እይ። ኔትፍሊክስን በ4ኬ ከኮምፒውተሩ እንዳታስብም። ኤንቪዲያ ላይ ቢያንስ 3 ጊጋባይት የካርድ ሜሞሪ ይጠይቃል፣ ይህ ያለው 2 ነው። ላንተ ፋይሎች ግን በቂ ነው።

ጸጥታ ወዳድ፦
ፋን የሌለው ዓይነትም አለው። ነገር ግን ቀጭን ኬዝ ስለሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጋበት፣ አየር ይፈልጋል።

ባለሶፋው፦
ገዝቼ አስገባሁት። መጀመሪያ ስከፍተው ስክሪኑ ጨለማ። ካርዱ የተቃጠለ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። ለካ ገመዱ አሁንም የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ነው! ወደ ካርዱ አዛወርኩት፣ በራ። ያ የሚያስቸግረኝ ፊልም እየሄደ ፕሮሰሰሩ 10 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። አንድ ነገር ብቻ፣ ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ አመድ መስሏል። የሌሊቱ ትዕይንት ሁሉ ጉም የለበሰ ነው። ካርዱ ነው?

ጋሽ ሽቦ፦
ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ያልተግባቡት ካርዱና ቴሌቪዥኑ ናቸው። ካርዱ ቀለሙን ከ16 እስከ 235 ባለው ልክ እየላከ ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከ0 እስከ 255 ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ 16ን ጥቁር መሆኑን አያውቅም፣ ግራጫ አድርጎ ያሳይሃል። የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ገብተህ «አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን ወደ ፉል ቀይረው። ቴሌቪዥኑን አትንካው፣ ሁለቱንም ከነካካህ የቱ እንደሠራ አታውቅም።

ባለሶፋው፦
ጠቆረ! እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።