ኳስ ማቀበልን የሚያስቀድም ወጣት በድራፍት እንዴት ይመዘናል?

የሌሊቱ ተመልካች (ፒያሳ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የኤንቢኤ ድራፍት (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ዝግጅት) አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ ወር፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ስለሚጀምር፣ ከጓደኞቼ ጋር እንቅልፍ አጥተን እንከታተለዋለን። በማግስቱ ማኪያቶ ይዘን የምንከራከርበት ጉዳይ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ከራሱ ነጥብ ይልቅ ለጓደኛው ማመቻቸትን የሚያስቀድም ወጣት ሲቀርብ፣ መልማዮች በምን ሊመዝኑት ይገባል?

ከታላላቅ አቀባዮች ጆን ስቶክተን እ.ኤ.አ. በ1984 በ16ኛነት፣ ስቲቭ ናሽ በ1996 በ15ኛነት፣ ኒኮላ ዮኪች ደግሞ በ2014 በ41ኛነት ነው የተመረጡት። ስቶክተን 15,806 አሲስት (ጓደኛው ወዲያው ያስቆጠረው ማቀበል) አስመዝግቦ ማንም አልደረሰበትም፤ ናሽ 2 ጊዜ፣ ዮኪች እስከ 2024 ድረስ 3 ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብለዋል። በአንጻሩ ኬንዳል ማርሻል በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 9.8 አሲስት አስመዝግቦ በ2012 በ13ኛነት ቢመረጥም፣ በሊጉ የተጫወተው 4 የውድድር ዘመን ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛዬ የአሲስት ቁጥር በቂ ነው ይላል። እኔ ግን ቁጥሩ እነዚህን ሰዎች ሊለይልኝ አልቻለም።

ባለ ሰባ ደረጃው፦

ጓደኛዎ የዘነጉት ነገር አለ፤ አሲስት የሚመዘገበው ተቀባዩ ሲያስገባ ብቻ ነው። ደካማ ወርዋሪዎች ባሉበት ኮሌጅ የሚጫወት ልጅ ድንቅ ኳስ እያቀበለ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። አሲስትን ከባከኑ ኳሶች ጋር ማነጻጸርም የሚያሳስትበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም አደጋ ያለበትን ኳስ ጨርሶ የማይሞክር ተጫዋች በወረቀት ላይ እንከን የለሽ ሆኖ ይታያል።

መወርወር የማይችልን አቀባይ ተከላካዮች ስለሚርቁት፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው የነፃ ውርወራውን መቶኛ ነው። እዚያ መስመር ላይ ተከላካይ ስለሌለ፣ የእጁ እውነት የሚገለጠው በዚያ ነው። ሎንዞ ቦል በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ባለ ሦስት ነጥቡን (ከሩቅ የሚወረወረውን) 41.2 በመቶ እያስገባ ነፃ ውርወራው ግን 67.3 በመቶ ነበር፤ በ2017 በ2ኛነት ተመርጦ ሌከርስ የተባለው የኤንቢኤ ቡድን በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ባለ ሦስት ነጥቡ ወደ 30.5 በመቶ ወረደ። የውርወራ አኳኋኑን ከቀየረ በኋላ ግን በ2021–22 42.3 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ ጉድለቱ የሚታረም መሆኑንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

የሠፈር አሠልጣኝ (አራት ኪሎ)፦

ታዳጊዎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ኤንቢኤ የሚደርስ ልጅ በእጄ አልፏል ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም ኳስ የሚያቀብል ልጅ ጠባዩ በሲሚንቶ ሜዳም ሆነ በትልቅ አዳራሽ አንድ ነው። የእኔ ጥያቄ ልጁ ኳሱን የሚለቀው አይቶ ነው ወይስ ፈርቶ የሚል ነው። ከመቀመጫ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ፣ ሁለቱንም «ለጋስ» እያልን እናመሰግናለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁሉም በልግስናው የሚያደንቀው ልጅ ነበረኝ፤ እኔም አደንቀው ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተከላካዮቹን ለብቻ ጠርቼ፣ እሱ ኳስ ሲይዝ ሁለት እርምጃ እንዲርቁትና የሚያቀብልበትን መስመር ብቻ እንዲዘጉ ነገርኳቸው። ፊት ለፊቱ ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ የተያዘ ጓደኛውን ፍለጋ አንገቱን ሲያዞር ኳሱን አራት ጊዜ ተነጠቀ። በኋላ ሳነጋግረው፣ በቀድሞ ቡድኑ ውርወራ በሳተ ቁጥር ከሜዳ ያስወጡት እንደነበር ነገረኝ። ለካ ልግስና ያልነው መሸሸጊያ ኖሯል። ዓይኑ ግን እውነተኛ ስለነበር አልተውኩትም፤ በየልምምዱ ቢያንስ አሥር ጊዜ ካልወረወረ አይሄድም የሚል ደንብ አወጣሁለት፤ ቀስ በቀስም ተከላካዮቹ ሊርቁት አልደፈሩም።

ቤን ሲመንስ በ2021 ቡድኑ ፊላደልፊያ ከአትላንታ ባደረገችው 7ኛ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ ቅርጫቱ ሥር ደርሶ ሳለ ኳሱን ለቡድን ጓደኛው ለማቲስ ታይቡል ሲያቀብል ያየሁት ያንኑ የአንገት መዞር ነው። በኮሌጅ ዘመኑ በሙሉ የሞከረው ባለ ሦስት ነጥብ 3 ብቻ ስለነበር፣ ምልክቱ በ2016 በ1ኛነት ከመመረጡ በፊትም ነበረ ማለት ይቻላል።

ቪዲዮ ስታዩ ኳሱ ከእጁ የሚወጣበትን ቅጽበት ልብ በሉ። እውነተኛ አቀባይ ጓደኛው ነፃ ከመሆኑ በፊት ይለቃል፤ ኳሱም የሚያርፈው ተቀባዩ ሳይጎነበስ ወዲያው በሚወረውርበት ቁመት ላይ ነው። ካቀበለ በኋላ ቆሞ የሚመለከት ከሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

ባለ ሰባ ደረጃው፦

በአሠልጣኙ አስተያየት እስማማለሁ፤ ማርሻልን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እሱ የተቸገረው በፍርሃት አልነበረም። በ2013–14 ለሌከርስ ሲጫወት በአማካይ 8.8 አሲስት ነበረው፤ ባለ ሦስት ነጥቡንም ወደ 40 በመቶ ገደማ ያስገባ ነበር። ችግሩ እግሩ ነው፤ ተከላካዩን አልፎ ወደ ቅርጫቱ መዝለቅም ሆነ ፈጣን ተጋጣሚን መያዝ ይከብደው ነበር። ስለዚህ ዓይንና ድፍረት ኖሮም ሰውነት ሊያንስ ይችላል።

የሌሊቱ ተመልካች፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ የነገሩንን ፈተና ይዤ ትናንት ማታ የታይሪስ ሃሊበርተንን የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታዎች ደግሜ አየሁ። በ2020 እስከ 12ኛ የወረደው የውርወራ አኳኋኑ እንግዳ ስለሆነና ለራሱ ዕድል መፍጠር አይችልም ተብሎ ስለተጠረጠረ ነበር። ነገር ግን ተከላካዩ ሲርቀው ሳያመነታ ይወረውራል፤ በመጨረሻ ዓመቱ ባለ ሦስት ነጥቡን 41.9 በመቶ አስገብቷል። በዚያ ድራፍት ሌሊት ስሙ ሲዘገይ «ይህ ልጅ ጨዋ ነው እንጂ ጉልበት የለውም» ብዬ ያሾፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ጓደኞቼ እስካሁን ያነሱብኛል።