ጥቆማ፦ ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የትኛው አምፕሊፋየር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። የድሮው አምፕሊፋየራችን ተቃጥሎ አዲስ ልንገዛ ነው። ግቢው ሰፊ በመሆኑ እስከ መጨረሻው ሕንፃ ድረስ መቶ ሜትር ያህል ሽቦ ተዘርግቷል። መርካቶ ወርጄ አንዱ ሻጭ 1200 ዋት የሚል ባለ ባትሪ ስፒከር አሳየኝ። ሌላው 120 ዋት ብቻ የተጻፈበትን አምፕሊፋየር ከዚያ በሚበልጥ ዋጋ ጠራልኝ። የቱን ልመን? ደግሞም ተማሪዎቼ የኃይል ጌይንን በእጃቸው እየነኩ የሚረዱበት ርካሽ ነገር ካለ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ መምህር፣ 120 ዋቱን ይግዙ። ድምፅ ማጉያ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በካርቶን ላይ በተጻፈ ዋት የተታለለ ትምህርት ቤትና ዕድር ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ሳላሳጥር እነግርዎታለሁ።

1200 የሚለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፤ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያልተለካ ቁጥር። እርስዎ የሚፈልጉት አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም መሣሪያው ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። ሻጩ አላውቅም ካለ መሣሪያውን አዙረው ጀርባውን ያንብቡ። ከሶኬት 60 ዋት ብቻ እስባለሁ የሚል መሣሪያ 1200 ዋት ድምፅ ሊያዘልቅ አይችልም። ጽሑፍ ከሌለው ፊውዙን ይዩ፤ በ220 ቮልት ላይ 1 አምፔር ፊውዝ ያለው መሣሪያ ከ220 ዋት ብዙም ሳያልፍ ፊውዙ ይቃጠላል።

ይህ የሚሆነው አምፕሊፋየር ኃይል ስለማይፈጥር ነው። የመስኖ በር ያስቡ። በሩን ለመክፈት የሕፃን እጅ ይበቃል፤ የሚወርደው ውኃ ግን የወንዙ እንጂ የእጁ አይደለም። ከማይክራፎኑ የመጣችው ደካማ ምልክት ትራንዚስተሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደው ኃይል የሚቀዳው ከሶኬቱ ወይም ከባትሪው ነው። የወጣው የድምፅ ኃይል ለገባው የምልክት ኃይል ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የኃይል ጌይን ይባላል። ትራንስፎርመርም ቮልቴጅ ከፍ ያደርጋል፣ ነገር ግን ያንኑ ያህል አምፔሩን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ምንም የኃይል ጌይን የለውም፣ እንዲያውም ጥቂቱን በሙቀት ያባክናል። ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያምታቱት ይህን ነው።

ወደ ግዢው ልመለስ። ለግቢ የምጠቁመው የ100 ቮልት መስመር ያለውን፣ ማለትም የድምፁን ምልክት እስከ 100 ቮልት ከፍ አድርጎ በሽቦው የሚልከውን አምፕሊፋየር፣ ሆርን ከሚባሉት ጡሩንባ መሰል ድምፅ ማጉያዎች ጋር ነው። የህንዱ አሁጃና የጃፓኑ ቶአ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። የእርስዎን መቶ ሜትር ሽቦ እናስላ። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ቢሆን ደርሶ መልስ 2.3 ኦም ያህል ይሆናል። በዚህ ሽቦ ጫፍ የ4 ኦም ስፒከር ቢያስሩ ከአምፕሊፋየሩ ከሚወጣው ኃይል ከሲሶ በላይ የሚሆነው ሽቦውን ሲያሞቅ ይቀራል። በ100 ቮልት መስመር ግን 120 ዋት የሚያልፈው በ1.2 አምፔር ብቻ ነው፤ የሚባክነው 3 ዋት ተኩል እንኳ አይሞላም። በየሆርኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እዚያው ታወርደዋለች። ኤሌክትሪክ ከግድብ ወደ ከተማ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነውና ለክፍልም ጥሩ ምሳሌ ይሆንዎታል።

ሆርን ራሱ ሌላ ጥቅም አለው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 105 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታና የጌይን መለኪያ ነው) የሚሰጥ ሆርን የተለመደ ነው፤ የቤት ስፒከር 88 አካባቢ ነው። የ17 ዲሲቤል ልዩነት ሃምሳ እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ሆርን በ10 ዋት የሚያሰማውን ያህል ለማሰማት የቤቱ ስፒከር 500 ዋት ይጠይቃል። ዋትን እጥፍ ማድረግ 3 ዲሲቤል ብቻ ይጨምራል፣ ጆሮም እምብዛም አያስተውለውም፤ ድምፁ እጥፍ ሆነ ለማለት አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ደወሉና ማስታወቂያው እንዳይቋረጥ ከፈለጉ በ12 ቮልት ባትሪም የሚሠራ ሞዴል ይጠይቁ።

ባለ ባትሪው ስፒከር ለአንድ ክፍል ወይም ለስፖርት ሜዳ ዳር ይሆናል፣ ለግቢ ግን አይበቃም። ሞንታርቦ ደግሞ ለወላጆች ቀን ግሩም ነው፤ ሙዚቃውም ይጠራል። በዓመት ሁለቴ ለሚያስፈልግ ነገር ግን መግዛት አልመክርም፤ ለሠርግ ሳውንድ ከሚያከራዩት ከነባለሙያው ይከራዩ።

ምናለሽ ተራ ያሉትን አሮጌ የጃፓን አምፕሊፋየሮች እወዳቸዋለሁ። ከባድ ትራንስፎርመር፣ ሰፊ የሙቀት ማስወገጃ፣ ሐቀኛ ዋት አላቸው። ነገር ግን ለጃፓን ገበያ የተሠራው የሚሰካው በ100 ቮልት ሶኬት ላይ ነው፣ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ በ120። ወጣት ሳለሁ አንዱን በደስታ ተሸክሜ ቤት ወሰድኩና ጀርባውን ሳላነብ 220 ላይ ሰካሁት። ጭሱ ክፍሉን ሞላው፤ ከወር ደመወዜ የቆጠብኩት ገንዘብ በደቂቃ ውስጥ ተቃጠለ። እባክዎ ያንብቡ።

የተቃጠለውን የትምህርት ቤቱን አምፕሊፋየርም አይጣሉት። ጥሩ ጠጋኝ የሚታወቀው ከጠገነ በኋላ ነው፤ መሣሪያውን በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካውም፣ መጀመሪያ የድሮውን ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አስሮ ይሞክረዋል። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ አዲሶቹ ትራንዚስተሮች ግን ይድናሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ካገኙ አይልቀቁት።

ለክፍልዎ ኤልኤም386 የምትባለዋን ባለ ስምንት እግር የአምፕሊፋየር አይሲ (ቺፕ)፣ ባለ 8 ኦም ትንሽ ስፒከርና 6 ቮልት የሚሰጡ አራት ድንጋዮች ይግዙ። ቮልቴጅን 20 እጥፍ፣ ማለትም 26 ዲሲቤል ታጎላለች፤ በ1ኛውና በ8ኛው እግር መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢጨምሩ 200 እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ግን 26 ዲሲቤሉን የኃይል ጌይን አድርጎ ይወስደዋል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት የመግቢያውና የስፒከሩ ኦም እኩል ሲሆን ብቻ ነው። የእርሷ መግቢያ 50 ሺህ ኦም ነው፣ ስፒከሩ 8። ሩብ ዋት ስትሰጥ ስፒከሩ ላይ 1.4 ቮልት አለ፣ መግቢያዋ ላይ 70 ሚሊቮልት። የገባው ኃይል የአንድ ማይክሮዋት አንድ አሥረኛ ነው። ሩብ ዋትን ለዚህ ያካፍሉት፤ ሁለት ሚሊዮን ተኩል እጥፍ፣ 64 ዲሲቤል ይመጣል!

አሁን ቲፒኤ3116 የሚባል ሌላ የአምፕሊፋየር አይሲ የተገጠመበትን ሰሌዳ አጠገቧ ያስቀምጡ። እርሱም በ26 ዲሲቤል ሲስተካከል መግቢያው 30 ሺህ ኦም ነው፤ በ4 ኦም ስፒከር የኃይል ጌይኑ ሦስት ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጌይናቸው ተቀራራቢ ነው። አንዷ ግን ሩብ ዋት፣ ሌላው በ21 ቮልት ፓወር ሰፕላይ በአንድ ቻናል እስከ 50 ዋት ይሰጣል። ተማሪዎችዎ ይህን ሲያዩ ጌይን ንጽጽር መሆኑን፣ የዋቱን ጣሪያ የሚወስነው ደግሞ የሚቀዳበት ምንጭና የአይሲው አቅም መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይረዱታል። በኤልኤም386 ባትሪ መስመር ላይ የአምፔር መለኪያ ያስገቡላቸው፤ ዝም ሲል 4 ሚሊአምፔር አካባቢ የነበረው ድምፁ ከፍ ሲል አብሮ ይወጣል።

ቴስተር ሲገዙ ርካሿን ቢጫ ዲቲ 830 አይግዙ። ተለዋዋጭ ቮልቴጅ የምትለካው ከ200 ቮልት ደረጃ ጀምሮ ነውና 70 ሚሊቮልትን አታይም። የ2 ቮልትና የሚሊቮልት ተለዋዋጭ ደረጃ ያለው ይሁን።

ሌላ አስተያየት፦ እኔ ዲሽ ተካይ ነኝ፤ በእኛም ሥራ ያው ነው። ኤልኤንቢ፣ ማለትም ከዲሹ ፊት የሚታሰረው ምልክት ተቀባይ፣ ከ50 እስከ 60 ዲሲቤል ጌይን አለው። ደንበኛ ጌይኑ ከፍ ያለውን ስጠኝ ይላል፤ እኔ ግን የራሱ ጫጫታ አነስተኛ የሆነውን እመርጥለታለሁ። ጌይን ምልክቱንም ጫጫታውንም እኩል ያጎላል። ኬብሉ ረጅም ሆኖ የመስመር አምፕሊፋየር ካስፈለገም የምገጥመው ኤልኤንቢው አጠገብ ነው፤ ምልክቱ ኬብሉ ውስጥ ከደከመ በኋላ ሪሲቨሩ ጋ ማጉላት አይጠቅምም።

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ለመምህሩም ይሠራል፤ ማይክራፎኑ ከአፍ ሲርቅ አምፕሊፋየሩን ከፍ ያደርጉታል፣ ከዚያ ያፏጫል። ከሆርኑ የወጣው ድምፅ ማይክራፎኑ ውስጥ ተመልሶ እየገባ፣ በእያንዳንዱ ዙር እየተጎላ ነው። ለተማሪው ማይክራፎኑን ከአንድ ስንዝር ወደ ግማሽ ስንዝር እንዲያቀርብ ይንገሩት፤ 6 ዲሲቤል፣ ማለትም አራት እጥፍ ኃይል ያለ አንድ ሳንቲም ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 120 ዋቱን ወሰንኩ። አራት ሆርን አለን፣ እያንዳንዱ 15 ዋት ላይ ይታሰራል። ወደፊት ብንጨምር ይችላል?

መልስ፦ በ100 ቮልት መስመር የሁሉም ድምር ከአምፕሊፋየሩ ዋት እንዳይበልጥ ብቻ ይጠንቀቁ። አራቱ 60 ናቸው። ሁለት ቢጨምሩ 90፣ እንደ ልብዎ ይሠራል። ስምንተኛው ላይ ግን ይቁሙ።