ሁለተኛ ጊዜ የተቀየረ ጉልበት ለምን እምቢ ይላል?

የማሚ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ሰው ሠራሽ ጉልበት ከገባላት ቆየች። ላላ ተብሎ ባለፈው ዓመት በድጋሚ ተቀየረላት። አሁንም ታነክሳለች። ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ማታ ማታ ይሞቃል፣ ያብጣል። ሐኪሙ ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል አላት። እሷ ደግሞ "ከእንግዲህ ቢላ አይነካኝም" ብላ ቁጭ ብላለች። ሁለተኛው ለምን አልያዘም? ከመወሰናችን በፊት ምን እንጠይቅ?

ነርስ ነኝ፦
እግዜር ይማራቸው እህቴ። ድጋሚ ቅየራ ከመጀመሪያው ይከብዳል። አሮጌው ብረት ሲነቀል አጥንት ይዞ ይነሳል። የሚቀረው አጥንት ስስ ስለሆነ አዲሱን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ረጅም ዘንግ አጥንቱ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ቦታው በጠባሳ የተሞላ ነው፣ ኦፕራሲዮኑም ይረዝማል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሙቀቱና እብጠቱ ነው። ድጋሚ የተቀየረ ጉልበት ከሚበላሽባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ኢንፌክሽን ነው። ትኩሳትም መግልም ላይኖር ይችላል። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፣ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙት፣ ሲአርፒና ኢኤስአር የሚባሉት የደም ምርመራዎች ይሠሩላቸው። ከጉልበታቸው ፈሳሽ በመርፌ ተወስዶ ነጭ የደም ሴል ይቆጠር፣ ካልቸርም (ባክቴሪያ ካለ በላብራቶሪ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይታይ። "ራጁ ደህና ነው" ስለተባለ ብቻ ይህን አትዝለሉ።

ፊዚዮቴራፒስት፦
"ይከዳታል" ያልሽውን ላንሳ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው የጭን ጡንቻ መድከም ነው፣ እሱ በእንቅስቃሴ ይሻሻላል። ሌላው ጅማቶቹ መገጣጠሚያውን ሚዛን ጠብቀው አለመያዛቸው ነው። ይሄኛውን ስፖርት ብቻውን አያድነውም። ብረቱ ትንሽ ዞሮ ከተቀመጠም ጉልበት ያስቸግራል፣ እሱን ሲቲ ስካን ያሳያል።

አንድ ነገር እናትሽን ጠይቂያቸው፦ ከመጀመሪያው ቅየራ በፊት የነበረው ሕመምና የአሁኑ አንድ ዓይነት ነው? ሕመሙ ጨርሶ ለቋቸው የማያውቅ ከሆነ ዳሌያቸውና ወገባቸውም ይታይ። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ፣ ስላመመ ብቻ የሚደረግ ድጋሚ ቅየራ ውጤቱ ደካማ ነው። ይሄን ደጋግሜ ነው የምለው።

ሁለቴ የተከፈትኩ፦
የእኔ ኢንፌክሽን ነበር። ብረቱ ወጣ፣ በቦታው አንቲባዮቲክ ያለበት ሲሚንቶ ለጊዜው ተቀመጠ፣ ለሳምንታት በመርፌ መድኃኒት ወሰድኩ። አዲሱ የገባው ኢንፌክሽኑ መጥፋቱ ከታየ በኋላ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ ይከብዳል። እግሬ ስለማይታጠፍ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልም ነበር፣ ሽንት ቤት መቀመጫው ከፍ እንዲል ተደረገልኝ። ይሄን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ስኳር ካለባቸው በደንብ ይስተካከል። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያቁም፣ ቁስል ቶሎ አይድንለትም።

የማሚ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ማሚ ሲያማት ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን እያስገዛች ትውጥ ነበር፣ ሰሞኑንም ወስዳለች።

ነርስ ነኝ፦
እንኳን ነገርሽን። አንቲባዮቲክ ካልቸሩን ባዶ ሊያደርገው ይችላል፣ ባክቴሪያው ግን እዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ናሙና የሚወሰደው መድኃኒቱ ከቆመ ቢያንስ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው። የመጨረሻውን ክኒን የዋጡበትን ቀን ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪው፣ መቼ እንደሚቀዳ እሱ ይወስን። የድሮውን የኦፕራሲዮን ሪፖርትም ያዢ። የገባው ብረት ዓይነትና መጠን እዚያ ላይ አለ፣ ሐኪሙ ለመንቀል የሚያስፈልገውን መሣሪያ የሚያውቀው በእሱ ነው። ድንገት ብርድ ብርድ ካላቸው ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።