«አመለጠ» ልበል ወይስ «ሸሸ»? የወንድሜ የጥገኝነት ማመልከቻ

የደንበጫ ልጅ፦
ሰላም ወገኖቼ። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ከገባ ዘጠኝ ወሩ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻውን እርሱ በአማርኛ ጽፎልኝ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው፤ አንድ ግስ ላይ ግን ሁለት ሌሊት ቆምኩ። እርሱ «ከደንበጫ በሌሊት ወጣሁ» ይላል። ጓደኛችን «ኤስኬፕድ» (አመለጠ) በዪው፣ ይጠነክራል አለችኝ። «ሌፍት» (ወጣ፣ ሄደ) ብለው ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ መሰለብኝ። «ፍሌድ»ም (ሸሸ) «ራን አዌይ»ም (ኮበለለ) አሉ። አምስት ቀን ታስሮ አጎታችን ዋስ ሆኖ ተፈታ፤ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን የሚይዘው የትኛው ነው?

አስተርጓሚው፦
እህቴ፣ «ኤስኬፕድ»ን ተዪው። ከሞት ወይም ከአደጋ ላመለጠም ይነገራል፤ እስሩ በተጻፈበት ገጽ ላይ ግን ከእስር ቤት ያመለጠ ተብሎ ይነበባል። መርማሪው «ማን ይጠብቅህ ነበር? በየት በኩል ወጣህ?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? ወንድምሽ በዋስ ነው የወጣው። «ፍሌድ» አደጋው ሳይደርስበት ቀድሞ ለወጣ ሰው ይስማማል። «ፍሌድ ደንበጫ» ብለሽ በቀጥታ ትጽፊዋለሽ፤ «ኤስኬፕድ» ግን ከቦታ ስም በፊት ብዙ ጊዜ «ፍሮም» (ከ) ያስከትላል። «ራን አዌይ» ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ቤት ለኮበለለ ልጅ ነው። «ሌፍት» ስለ ምክንያቱ ዝም ይላል፤ አውቶቡስ የተሳፈረበትን ቀን ስትጽፊ ግን እርሱ ይበቃል።

ከግሱ በላይ ምክንያቱን ተመልከቱ። የ1951 (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት የሚያውቀው አምስት ነው፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የማኅበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት። የጥገኝነት ማመልከቻው፣ አይ-589 ቅጹም፣ አሜሪካ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሦስት ወር ቀርቷችኋል፤ ጠበቃ ይየው።

የቢቸና ሰው፦
ጎጃሜ «ሸሸ» ተብሎ ይጻፍ? በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ለጣሊያን ያልተንበረከከበት አገር ልጅ ነው። «ወጣሁ» ካለ «ወጣ» ብለሽ ጻፊለት።

የዋሸራ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ሽሽት ነውር አይደለም። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ግብፅ ወርዳለች፤ በወርኃ ጽጌ ሌሊቱን ቆመን የምናዜመው ስለዚያ ስደት ነው። «ተሰደደ»ን እዩት። «ሰደደ» ከሚለው የወጣ ተደራጊ ግስ ነው፤ ሰውየው ብቻውን አልሄደም፣ የሰደደው አለ። እንግሊዝኛው ይህን በአንድ ቃል ባይዘው እንኳ ማን እንዳሳደደው በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጻፉት። እኔ ዘንድሮም ጽጌን በኪራይ አዳራሽ ልቆም ነው። ከበሮው ጎረቤት እንዳይረብሽ በጣት ጫፍ ነው የምንመታው።

የሞጣዋ፦
አይ አባቴ፣ የከበሮውን ነገር ሲያነሡ ሆዴ ባባ። ልጄ፣ ወንድምሽ ለዋስ የሆነውን አጎት አይርሳው። ልጁ ሲጠፋ ተጠያቂው ዋሱ ነው። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለእናቴ የላክሁት ገንዘብ መድረሱን ሳላውቅ ሳምንታት ከርሜያለሁ። ለአጎትሽ ደውዪ። የምትልኪው ካለ ዛሬ ላኪ።

የቢቸና ሰው፦
ነውር ነው አላልኩም። ታላቅ ወንድሜ እናታችንን ጥዬ አልሄድም ብሎ እዚያው ነው። የእኔ ወረቀት ላይ «ፍሌድ» ተብሎ ተጽፏል፤ ባየሁት ቁጥር እርሱን ጥዬው የሮጥኩ ይመስለኛል። ለሄደው አራት ግስ ትመርጣላችሁ፤ ለቀረውስ?

አስተርጓሚው፦
ወንድም ዓለም፣ ማመልከቻው የሚጠይቀው ስለ ሄደው ነው።

የቢቸና ሰው፦
እኔ ደግሞ የምጠይቀው ስለ ቀረው ነው።

የደንበጫ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ፍሌድ» ብዬ ጻፍኩት። ለአጎታችን ደወልኩ፤ «ሰላም ነን» ብሎ ስልኩን ቶሎ ዘጋ። ወንድሜን ከተፈታህበት ቀን እስከ ወጣህበት ሌሊት ያሉትን ዘጠኝ ቀናት የት ነበርክ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ገና አልመለሰልኝም።