ጫጩቶቹ ነቁረው እዛው እየቀሩብኝ ነው፣ የእርጥበት ጉዳይ ይሆን?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። በፎም ሳጥን ራሴ የሰራሁት ኢንኩቤተር (የእንቁላል መፈልፈያ) አለኝ፣ አምፖል፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታትና ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ያለው፣ የማስገባውም የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ነው። ሙቀቱ 37.5 ላይ ቆሞልኛል እሱ ችግር የለውም። ችግሬ መጨረሻ ላይ ነው፣ 20ኛው 21ኛው ቀን ላይ ቅርፊቱን ይነቁራሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል፣ ቀዳዳዋ የጥፍር ያህል ትከፈትና በቃ እዛው ይቆማሉ፣ በነጋታው ሳይ ሞተዋል። ስሰብረው ጫጩቱ ሙሉ ነው ላባውም ደርሷል፣ ግን የውስጧ ስስ ሽፋን ደርቃ ወረቀት መስላ ላባው ላይ ተጣብቃለች። የእርጥበት መለኪያው ደግሞ 65 በመቶ ይለኛል፣ 65 እያለ ደረቀ ይባላል እንዴ? ክረምት ላይ እንዲህ አልነበረም ጥር ከገባ ነው የባሰው። የምታውቁ እባካችሁ፣ ደርሶ እዛው ሲቀር በጣም ያሳዝናል።

የጣና ዳር፦
ወንድሜ የነገርከን የድርቀት ምልክት ነው። እርጥበት በዝቶ ቢሆን ጫጩቱ አብጦ ስትሰብረው ውሃ ውሃ ይል ነበር። ውሃ ጨምር፣ ግን ሳህኑን ጥልቅ አታድርገው፣ እርጥበት የሚሰጥህ የውሃው ስፋት ነው እንጂ ጥልቀቱ ምንም አያደርግልህም፣ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ አፍስስና ስፖንጅ አቁምበት። እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዛ በኋላ ከ65 እስከ 70። ከ18 በኋላ ማገላበጥ ቀርቶ ክዳኑንም አትንካው፣ አንዱ ወጣ ብለህ ስትከፍት ያ ሁሉ እርጥብ አየር ባንዴ ይወጣና ገና የነቆረው ላይ ሽፋኑ ይደርቅበታል። እኔ በጎን በኩል የግሉኮስ ላስቲክ አስገብቼ ነው ሞቅ ያለ ውሃ ከውጭ የምጨምረው፣ ክዳን የሚባል ነገር አልነካም።

ዳሞት፦
አንተ ልጅ መጀመሪያ ያንን መለኪያ አትመነው። ትንንሾቹ ዲጂታል መለኪያዎች አስርም አስራ አምስትም ይሳሳታሉ። የሃይላንድ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርግና ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣልበት፣ እንዳይሟሟ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ብቻ። ከዛ ከመለኪያው ጋር ክዳኑ ጥብቅ ያለ እቃ ውስጥ ዘግተህ ክፍል ውስጥ አሳድረው። በጠዋት 75 ማለት አለበት፣ የጨው ነገር ይሄ ነው፣ የትም ብትሞክረው 75 ነው። ከዛ በላይ ካለ ልዩነቱን ሁሌ ትቀንሳለህ።
ጥር ላይ ለምን ባሰ ላልከው፣ የበጋ አየር ራሱ ደረቅ ነው፣ ስታሞቀው ደግሞ ይብሳል። 20 ዲግሪ ላይ 50 በመቶ የነበረ አየር ሳጥንህ ገብቶ 37.5 ሲደርስ 18 በመቶ አካባቢ ነው የሚቀረው። ክረምት ላይ ክፍሉ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ያንኑ ሳህን ውሃ ይዘህ ይበቃህ ነበር።

የእንጅባራዋ፦
ሁለቱም ያሉት ልክ ነው ግን እኔ ቁጥር ማሳደድ አልወድም፣ እንቁላሉን ነው መጠየቅ ያለብህ። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 14 በመቶ በውሃ መልክ መቀነስ አለበት፣ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው። ከዛ በላይ ከቀነሰ ያንተ አይነት ድርቀት ይመጣል፣ ካነሰ ደግሞ እንቁላሉ ውስጥ ያለው የአየር ክፍል ይጠብና ጫጩቱ ሊተነፍስ ሲል ውሃ ያፍነዋል። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ ትሪውን ሙሉውን መዝን፣ 30 እንቁላል እያንዳንዱ 42 ግራም ቢሆን 1260 ነው፣ 18ኛው ቀን ላይ 1110 አካባቢ መገኘት አለበት፣ በ7ኛው ቀን ወደ 1200። በ7ኛው ቀን 1180 ካየህ ድርቀት ነው ውሃውን ታሰፋለህ፣ 1230 ከሆነ ታጠባለህ። ባዶ የሆኑትን በባትሪ አይተህ ስታወጣ የነሱን ክብደት ከመጀመሪያውም ቀንስ እንዳትሳሳት።
ደግሞ ከፍታችንን አትርሱት። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፣ ባህር ዳር 1800 አካባቢ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላሉ ውሃውን ቶሎ ነው የሚለቀው፣ ስለዚህ የባህር ዳሩ ወንድማችን ቁጥር እንዳለ ላንተ ላይሰራ ይችላል። እኛ ደጋ ያለን ሰዎች ከፍ አድርገን ነው የምንይዘው። እርጥበት ይያዝልኝ ብለህ ግን የአየር ቀዳዳዎቹን እንዳትደፍን! ኦክስጅኑ ራሱ እኛ ጋ ያነሰ ነው፣ መፈልፈያው ሰአት ላይ ደግሞ ጫጩቶቹ ከምንጊዜውም በላይ ይተነፍሳሉ፣ ቀዳዳ ደፍኖ 70 ከማግኘት ከፍቶ 65 ይሻላል።

የማርቆስ ልጅ፦
ጋሽ ዳሞት እግዜር ይስጥልኝ፣ ጨዉን አሳድሬ ሳየው መለኪያው 87 ይላል!! ስለዚህ 65 ሲለኝ የነበረው እውነቱ 53 ነዋ፣ ለዛውም ልክ መጨረሻው ላይ። እህቴ የክብደቱን ነገር ጨርሶ ሰምቼው አላውቅም፣ ነገ ሚዛን ከገበያ እፈልጋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ነቁሮ የቆመውን ሰብሬ ላውጣው ወይስ ልተወው?

የእንጅባራዋ፦
ቶሎ አትንካው ወንድሜ። ከነቆረ በኋላ እስከ 24 ሰአት ዝም ቢል የተለመደ ነው፣ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ደምም ገና አልተመለሰም፣ ያኔ ብትሰብረው ይደማና ይሞታል። ቀኑ አልፎ ሽፋኗ ቢጫ ሆና ደርቃ ካየሃት ብቻ ለብ ያለ ውሃ በጥጥ ነክረህ ጠርዟን አርጥብ፣ አፍንጫውን እንዳትሸፍንበት። ደም ካየህ ወዲያው ተው፣ መልሰህ ዝጋውና ጥቂት ሰአት ጠብቅ።

የጣና ዳር፦
የወጡትንም እዛው እያሉ ላባቸው ይድረቅ፣ ለማውጣት አትቸኩል። አስኳሉ ሆዳቸው ውስጥ ስላለ ሁለት ሶስት ቀን ያለ ምግብ ይቆያሉ፣ ስለዚህ ሌሎቹ እየነቆሩ ክዳን የምትከፍትበት ምክንያት የለም። መብራት ከጠፋም እንደዛው ነው፣ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ቀዳዳዎቹን ብቻ ክፍት ተውለት።