የስኳር ሴንሰር በጤና መድን ይሸፈን ወይስ መጀመሪያ ስትሪፕ ይዳረስ?

እናት፣ አዲስ አበባ፦
እስቲ በግልጽ እንነጋገር። ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸው ልጆች ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ቀን ከሌሊት የሚለካውን ሴንሰር በጤና መድን ማግኘት አለባቸው ባይ ነኝ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ተነስቼ ሳየው ስኳሩ በጣም ወርዶ 52 ገብቷል። ልጁ ላብ በላብ ሆኗል፣ ብጠራው አይሰማኝም። ማር በጣቴ እየነካሁ ድዱን ቀባሁለት፣ ቀስ እያለ ዓይኑን ገለጠ። ያቺ ክንዱ ላይ የተለጠፈች፣ ሳንቲም የምታክል ነገር ባትኖር ጠዋት ምን ሆኖ ላገኘው ነበር? የምትልክልኝ አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት። አንዱ ሴንሰር 14 ቀን ነው የሚሠራው፣ በዓመት 26 ማለት ነው። ውጭ እህት የሌላት እናትስ ምን ታድርግ?

ነርስ፣ ወረዳ ሆስፒታል፦
እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን አተረፈልሽ። ግን አልስማማም። የስኳር ክትትል ላይ ነው የምሠራው። ኢንሱሊኑን ገንቦ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ የምታስቀምጥ እናት አለችኝ። ፍሪጅ የለም፣ መብራትም የለም። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ ቻርጅ የሚደረገውም በገበያ ቀን። በቀን አንዴ የጣት ደም ጠብ አድርጋ የምትለካበት ስትሪፕ እንኳ ስለምታጣ የልጇ ስኳር ከፍ ማለቱን የምታውቀው ሽንቱ ሲበዛ ነው። የመድን ገንዘብ የጋራ ነው። ለአንድ ልጅ 26 ሴንሰር ሲገዛ ከስንቱ ልጅ ስትሪፕ ይቀነሳል? ደግሞ ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ስር ያለውን ፈሳሽ ነው፣ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ በደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል። የልጁ ሁኔታና ቁጥሩ አልገጥም ሲሉ ጣት መውጋት አይቀርም። ሴንሰር ኖረም አልኖረም ስትሪፕ ያስፈልጋል።

ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ፦
እኔ ራሴ ተጠቃሚ ነኝ፣ ሕይወቴን ቀይሮታል። ግን በፈረንጆቹ 2019 ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የሴንሰር አምራቹ የዴክስኮም ሰርቨር ተበላሽቶ፣ የልጆቻቸውን ስኳር ከሌላ ክፍል ሆነው በስልክ የሚከታተሉ ወላጆች ማስጠንቀቂያ ሳይደርሳቸው አድረዋል። አገር ቤት ደግሞ ኢንተርኔት ለወራት የሚዘጋበት አካባቢ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የልጁ መረጃስ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ አስገብቶታል፣ ውጭ ኩባንያ እጅ ከገባ በኋላ ግን ማን ይቆጣጠራል?

የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻን፦
ወንድሜ፣ አንድ ነገር እንለይ። ሴንሰሩ ከስልኩ ጋር የሚገናኘው በብሉቱዝ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም አጠገቡ ያለው ስልክ ይጮኻል፣ የሚቀረው ለራቀ ሰው የሚሄደው መልእክት ነው። የኔ ስጋት ሌላ ነው። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ በኮሮና ጊዜ ሁላችሁም አይታችሁታል። በፈረንጆቹ 2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ሳያየው የሚያልፈው የኦክስጅን መውረድ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ 3 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ያ መሣሪያ በብርሃን ነው የሚሠራው፣ የስኳር ሴንሰሩ ግን በኢንዛይም ስለሆነ ያው ችግር አለበት አልልም። ሆኖም ሌላ አገር ተሞክሮ የመጣን ነገር በገፍ ከመግዛት በፊት እዚሁ በሙቀቱ፣ በእኛ ልጆች ላይ፣ ከደም ናሙና ጋር ይመሳከር። ሲስተር ለምትላት እናት ደግሞ መላ አለ። ሊብሬ ፕሮ የሚባለውን የክሊኒክ ሴንሰር ልጁ ለ14 ቀን ለጥፎት ይሄዳል፣ ስልክ አያስፈልገውም፣ ሲመለስ ክሊኒኩ ያነበዋል። አንድ ማንበቢያ ለብዙ ልጅ ይሆናል።

ነርስ፦
ይሄንንስ እቀበላለሁ። የዚያን ልጅ የማታ ኢንሱሊን በዛ አነሰ የምንለው በግምት ነው። የሁለት ሳምንት ሌሊቱን ባየው መጠኑን አስተካክልለት ነበር። ግን ስትሪፑ ይቅደም።

እናት፦
ሲስተር፣ ለእሷ ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን የክሊኒኩ ሴንሰር ሌሊት አይጮኽም። መድኑ ለሁሉም አይችልም ካላችሁ እሺ፣ ስትሪፕ ለሁሉም ይዳረስና የሚጮኸው ሴንሰር ከ6 ዓመት በታች ላሉት ይጀመር፣ ስኳራቸው ሲወርድ "አሞኛል" ብለው መናገር ለማይችሉት። የእኔ ልጅ አይገባበትም። እህቴ እስከቻለች ድረስ ትልክልኛለች።