የማይታጠፍ ቢላ ተራራ ላይ የት ነው የሚታሰረው?

የጓሳ ሜዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ።

ባለፈው ኅዳር ከአራት ጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራሮች ነበርን። ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ፣ ሦስት ቀን በእግር። ምግባችንን ራሳችን ስለምናበስል ቢላዬን ይዤ ሄድኩ። የማይታጠፍ ነው። ስለቱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው ወይራ። አጎቴ ነው የሰጠኝ። አፎቱ ግን የራሱ አይደለም፤ ከሌላ ቢላ የተረፈ፣ ሳሳ ያለ ቆዳ ነው። ልክ ሲሆንልኝ ጊዜ ዝም አልኩ።

ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስትሄዱ እስከ ጅንባር ወንዝ ድረስ ቁልቁል ነው። እዚያ ላይ ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ሸሸና በመቀመጫዬ ዱብ አልኩ። ቢላው ከጀርባዬ፣ ቀበቶዬ ላይ አግድም ነበር የታሰረው። ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው እንደዚያ ያሰርኩት። የተሸከምኩት ሻንጣ ሲጫነው ጫፉ አፎቱን ቀዶ ወጣ፣ ሱሪዬን በሳ፣ ወገቤን ጫረኝ። ቁስሉ 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ በፋሻ ቆመ። የባሰው እጀታው ነው። አከርካሪዬ አጠገብ መትቶኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ማለት አቃተኝ።

አብሮን የነበረው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ቁስሉን እያሰረልኝ «ልጄ፣ በማታየው ቦታ ስለት አታስር» አለኝ። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ጥር ላይ ባሌ እንሄዳለን። መጀመሪያ ሳነቴ፣ ከዚያ ሃረና ጫካ። ቢላውን ትቼው መሄድ አልፈልግም። ታዲያ የት ልሰረው? ጎኔ ላይ? አንገቴ ላይ? የሻንጣው ማንገቻ ላይ? እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ወስፌና ክር፦

እግዚአብሔር አተረፈህ ወንድሜ። ሁለት ሳምንት ብቻ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ቆዳ ሰፊ ነኝ። 22 ዓመት ሆነኝ። ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ የቢላ አፎት እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መናገሻ ሱባ ጫካ አልጠፋም። የተቀደደ አፎት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንተን ጥያቄ ነው፤ የት ልሰረው? እኔ ደግሞ መልሼ ስትወድቅ በየት በኩል ነው የምትወድቀው እላለሁ።

እስቲ አስበው። ቁልቁለት ላይ ሰው የሚወድቀው ወደ ኋላ ነው። በመቀመጫው፣ በወገቡ፣ በክርኑ። ዳገት ላይ ደግሞ ወደ ፊት፤ በጉልበቱ፣ በእጁ፣ አንዳንዴ በሆዱ። ስለዚህ ጀርባህ ላይ ያሰርከው ቢላ ቁልቁለት ላይ ይጠብቅሃል። ሆድህ ላይ ያሰርከው ዳገት ላይ ይጠብቅሃል። የሚተርፈው ጎን ነው። ያውም ልክ የዳሌ አጥንትህ ላይ ሳይሆን ከሱሪህ የጎን ስፌት ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ። እዚያ ቦታ እጅህ ሳይጣመም ይደርሳል፣ ዓይንህም ዝቅ ስትል ያየዋል። ስካውቱ እውነቱን ነው።

የአፋር ሰው ጊሌውን፣ ያንን ቆልማማ ትልቅ ቢላውን፣ ሆዱ ላይ ታጥቆ አይሄድም ወይ የሚለኝ አለ። ይሄዳል። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ታጥቆት ያደገ ሰው ነው፣ አፎቱም ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። እኔና አንተ በወር አንድ ቅዳሜ የምንታጠቅ ሰዎች ከእሱ ጋር አንወዳደርም።

ጎን ላይ ስታስር አንድ ችግር ይመጣል። የሻንጣህ የወገብ ማሰሪያ እጀታው ላይ ያርፋል። አንዳንዱ ሰው ለዚህ ነው ቢላውን ወደ ጀርባ የሚገፋው። መፍትሔው ዝቅ ማድረግ ነው። ከቀበቶው እስከ አፎቱ አፍ ድረስ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ጠፍር አድርገህ አንጠልጥለው። ፊንላንዶች ቢላቸውን እንዲህ አንጠልጥለው ሲይዙ ኖረዋል። አፎታቸውም ጥልቅ ነው፣ የእጀታውን ግማሽ ያህል ይውጣል። የተንጠለጠለ ቢላ ሌላም ጥቅም አለው። ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ወደ ጎን ዘወር ይላል። ቀበቶ ላይ ግጥም ብሎ የተሰፋ ረጅም አፎት ግን ስትቀመጥ ከሥር ይገፋና ቢላውን ወደ ላይ ያወጣዋል። ብዙ ሰው ቢላው የሚጠፋበት ቁጭ ባለበት ቦታ ነው። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ይወዛወዛል፣ ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ጫካ ውስጥ ስትገባ በሻንጣው የጎን ማጥበቂያ ሥር አስገባው፣ ይረጋል።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ለትንሽ ቢላ ብቻ ነው። ክሩ ሲጎተት የሚበጠስ መሆን አለበት። የማይበጠስ ገመድ ቅርንጫፍ ከያዘው አንገትህን ነው የሚይዝህ። ያንተ 11 ሴንቲ ሜትሩ ለአንገት አይሆንም፣ በደረትህ ብትወድቅ ምን እንደሚያደርግ አስበው። የሻንጣ ማንገቻ ላይ እጀታውን ቁልቁል አድርገው የሚያስሩ አሉ። ለዚያ አጥብቆ የሚይዝ የጠንካራ ፕላስቲክ አፎት ያስፈልጋል። ቆዳ እየቆየ ይላላል፤ ቆዳ ሰፊ ሆኜ ነው ይህን የምልህ። ጫማ ውስጥ ስለመክተት አታስብ።

የፊት ኪስህን ግን አደራ። በጭን የውስጥ በኩል ትልቁ የደም ሥር ያልፋል። እሱ ከተነካ መኪና በሌለበት ተራራ ላይ በደቂቃዎች ነው ሰው የሚያልቀው።

አሁን ወደ አፎቱ ልምጣ። የጎዳህ እሱ ነው።

እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ትናንት የመጣ አንድ አለ። ሁለት ቆዳ ፊትና ኋላ ተጋጥሞ ጠርዝ ለጠርዝ ተሰፍቷል። መሃሉ ላይ ምንም የለም። ቢላው በገባ በወጣ ቁጥር ስለቱ ክሩን ነክቶታል። ከአፉ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ስድስት ስፌት ተቆርጧል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ጠርዙን በሁለት ጣት ስትለየው ግን ብርሃን ይታያል። እንዲህ ያለውን አፎት ጨብጠህ ቢላውን ብትመዝ ስለቱ በዚያ ክፍተት ወጥቶ ጣትህ ላይ ነው የሚሄደው። በዚህ ዓይነት የመዳፉ ጅማት የተቆረጠበት ደንበኛ አለኝ። ዛሬም ትንሿን ጣቱን አያጥፍም።

ትክክለኛው አሠራር በስለቱ በኩል፣ በሁለቱ ቆዳ መሃል ሦስተኛ ቀጭን የቆዳ ዘንግ ማስገባት ነው። በማስቲሽ ይጣበቃል፣ ከዚያ ሦስቱም አብረው በሰም ክር ይሰፋሉ። ስለቱ የሚነካው ዘንጉን ነው፣ ክሩን አያገኘውም። ጫፉ ጋ ዘንጉ ወፈር ይላል። ቆዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ባይሳሳ ጥሩ ነው።

ካሰፋኸው በኋላ ሞክረው። ቢላው ቢወጣ ፍራሽ ላይ እንዲወድቅ ፍራሽ ፊት ለፊት ተንበርከክ። አፎቱን በስፌቱ ሳይሆን በጀርባው በኩል ያዝ፣ ገልብጠው፣ ሦስት ጊዜ አጥብቀህ አራግፈው። ከወጣ ለተራራ አይሆንም። ጠቅ ብሎ የሚዘጋ የእጀታ ማሰሪያ ብታስጨምርበት ደግሞ የተሻለ ነው። ማሰሪያው ግን ስለቱ በማያልፍበት በኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ቢላውን ስትመዝ ራሱ ማሰሪያውን ይቆርጠዋል።

ሌላው ቢላ ሲመለስ ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ሰው ሲመዝ ከሚቆረጠው ሲመልስ የሚቆረጠው ይበዛል። እያወራ፣ ወዲያ እያየ። ቁም፣ አፎቱን እየው፣ የቢላውን ጀርባ ከአፎቱ ግድግዳ ጋር አስጠግተህ ቀስ ብለህ አስገባ።

ለሃረና ደግሞ እርጥብ ቆዳ ውስጥ ቢላ አሳድረህ አትተኛ። ብረቱ የካርቦን ከሆነ ጠዋት ዝጎ ታገኘዋለህ። ማታ አውጥተህ ጥረገው፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ቀባው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለህ ሻንጣህ ውስጥ አስቀምጠው። አፎቱን እሳት ዳር አታድርቀው፤ ይኮማተርና ቢላውን እንቢ ይላል።

እንጉዳይ ለቃሚዋ፦

ጋሼ ወስፌ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የዘንጉን ነገር ዛሬ ነው የገባኝ።

እኔ የምኖረው ስዊድን፣ ዳላርና ውስጥ ነው። ሞራ የሚባሉት ቢላዎች ስማቸውን ያገኙት እዚህ ካለችው ከሞራ ከተማ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ከልጄ ጋር እንጉዳይ ለቀማ እንወጣለን። የእኔ ቢላ የፕላስቲክ አፎት ነው ያለው፣ ከታች ውሃ የሚያወርድ ቀዳዳ አለው። ለዝናብ አገር ይህ ከቆዳ ይሻላል። ቢላው ሲገባ ጠቅ ይላል፣ ያንን ድምፅ ሳልሰማ እርምጃ አልራመድም። ልጄንም ያስተማርኩት እንደዚያ ነው። ቢላው እጅ ላይ ካለ እግር ይቆማል። እግር ከሄደ ቢላው አፎቱ ውስጥ ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርህ። አፎቱ ቀበቶ ላይ የሚቆነጠጥ ዓይነት ነው፣ ቀበቶ በውስጡ አያልፍም። እንጉዳይ ለመቁረጥ ቁጢጥ ስል ከነአፎቱ ተነቅሎ ሳር ውስጥ ገባ። ያወቅኩት ግማሽ ሰዓት ከሄድኩ በኋላ ነው። ተመልሼ ያገኘሁት እጀታው ቀይ ስለሆነ ብቻ ነው። ያንተ ወይራ ቅጠል ላይ ከወደቀ አይታይም። አንድ ቁራጭ ቀይ ክር እሰርበት።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሕጉን እወቁት። እዚህ በቂ ምክንያት ሳይኖር ቢላ በአደባባይ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። ጫካ ውስጥ እንጉዳይ እየለቀሙ ምክንያት አለ። ከጫካው ሲመለሱ ቀበቶ ላይ አስረው ሱቅ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ መኪናው ጋ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ቢላውን ፈትቼ ከቅርጫቱ ሥር ማስገባት ነው። እንግሊዝም የማይታጠፍ ቢላ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ያስከስሳል፣ ትንሽ ቢሆንም።

በቅሎ ጫኙ፦

በአጭሩ ልጨምር። ደባርቅ ነው የማድረው፣ የእንግዶችን ዕቃ በበቅሎ እጭናለሁ።

ቢላ በሻንጣ የውጭ ኪስ አትክተቱ። ጭነት ሲዘነብል በቅሎዋ ትወጋለች፣ ወይ ጫኙ ሻንጣውን ሲያቅፍ ክንዱ ይሄዳል። እኔ ክንዴ ላይ ምልክት አለ። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ቂም የለኝም፤ ግን ቢላ መኖሩን አልነገረኝም ነበር። ከነአፎቱ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከድስቱ ጋር ሳጥን ውስጥ አድርጉት፣ ለጫኙም ንገሩት።

በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው የሚሆነው። በአውቶቡስ የምትመጡም ፍተሻ አለ። ወገባችሁ ላይ አስራችሁ አትሳፈሩ። ፓርኩ ጋ ስትደርሱ ታጠቁ።

የጓሳ ሜዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ የበቅሎ ጫኙ ነገር ልቤን ነካው። እኛም ለጫኛችን ምንም አልነገርነውም ነበር።

ጋሼ ወስፌ፣ አሮጌውን አፎት እንዳሉት ፍራሽ ፊት ተንበርክኬ ገለበጥኩት። ገና ሳላራግፈው ወጣ። ጠርዙን ለይቼ ሳየው ሦስት ስፌት ተቆርጧል። ይህን ይዤ ነው ሦስት ቀን የሄድኩት!

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ግራኝ ነኝ። ዝግጁ የሚሸጡ አፎቶች በግራ ጎኔ ሳደርጋቸው ስለቱ ወደ ኋላ ይዞራል። ችግር አለው?

ወስፌና ክር፦

አለው እንጂ! ስለቱ ወደ ኋላ ከዞረ ስትመዝ እጅህን ታጣምማለህ፣ ስትመልስም እንደዚያው። የቀኝ እጅ አፎት የቀበቶ ማስገቢያው በአንድ ፊት ነው የሚሰፋው። ላንተ ማስገቢያው በተቃራኒው ፊት መሰፋት አለበት። ያኔ በግራ ጎንህ ሲንጠለጠል ስለቱ ወደ ፊት ያያል። ለሚሰፋልህ ሰው መጀመሪያ ግራኝ መሆንህን ንገረው፣ ቆዳው ከተቆረጠ በኋላ አይስተካከልም። ቢላውንም ይዘህለት ሂድ። በወረቀት ልክ ብቻ የተሰፋ አፎት አይጨብጥም። ጥሩ ሰፊ ቆዳውን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ቢላውን በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልሎ አስገብቶ፣ እስኪደርቅ ድረስ በጣቱ እየተጫነ ቅርጹን ያስይዘዋል።

የጓሳ ሜዳ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ሠፈራችን ያለ ጫማ ሰፊ የነገሩኝን ሁሉ አነበብኩለትና ሠራው። የበሬ ቆዳ ነው፣ ዘንግ አለው፣ ማስገቢያው በግራኝ ነው። ጠፍሩ 8 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ።

ትናንት 15 ኪሎ የሞላ ሻንጣ አዝዬ እንጦጦ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ አሥር ጊዜ ያህል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የወገብ ማሰሪያው አልነካውም። ቤት ገብቼ ፍራሹ ፊት ተንበረከክሁ። ሦስት ጊዜ አራገፍኩት። አልወጣም።